አቁሚ ያላልኋት ሯጭ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሰኞ ነበር። ከዚያ በፊት ደጋ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒ ተማርሁና መተማ ቆላ ላለ ሆስፒታል ተመደብሁ። ከጎንደር የተነሣሁት በዋዜማው እሑድ ነው። ሹራብ ለብሼ ተሳፍሬ ሆስፒታሉ ያለበት ከተማ ሸሕዲ ስወርድ ሹራቡ በእጄ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያንን ሹራብ ቆላ ላይ ለብሼው አላውቅም።

ሜዲካል ዳይሬክተሩ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ሲራመድም ሲናገርም የሚቸኩል ሐኪም ነበር። ክፍሌን ራሱ ከፍቶ አሳየኝ። እስከዚያ ሳምንት ድረስ የአጎበር መጋዘን ነበር። አንድ የእንጨት አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስተዋት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ገና ያልተነሡ አጎበሮች። እኔ ያመጣሁት የመገጣጠሚያ መለኪያ፣ ሜትርና የጎማ መዶሻ ነው።

«ፊዚዮቴራፒ ማለት ማሸት ነው አይደል?» አለኝ።

«ማሸትም አለበት። ዋናው ግን ታካሚውን እንቅስቃሴ ማሠራት ነው።»

«እዚህ ሰው ሲሠራ ነው የሚውለው፤ አንቺ ደግሞ ልታሠሪው መጣሽ?» ብሎ ሳቀና ቁልፉን ሰጠኝ።

የመጀመሪያው ታካሚዬ በዚያው ከሰዓት በኋላ መጣ። አያልነህ ይባላል፤ የስፖርት መምህር ነው። ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። በየማለዳው ፀሐይ ሳትወጣ ከሸሕዲ ተነሥቶ የጎንደርን መንገድ ይዞ ይሮጣል። ተወዳድሮ ለማሸነፍ አይደለም፤ ሳይሮጥ ከዋለ ተማሪ ላይ እንደሚቆጣ ነገረኝ።

«የጉልበቴ ሎሚ ዙሪያ ነው የሚያመኝ። ደረጃ ስወርድ ይብሳል። አውቶቡስ ላይ ብዙ ተቀምጬ ስነሣም ያስቸግረኛል» አለ።

አስተኛሁት። ጉልበቱን አጠፍሁ፣ ዘረጋሁ። እብጠት የለውም። ሎሚውን ስገፋው ፊቱን ቋጠር አደረገ። ያን ያህል ካየሁ በኋላ «ሩጫ ያቁሙ» አልሁት።

«እስከ መቼ?»

«እስኪሻልዎት ድረስ።»

ካርዱ ላይም እንደዚያው ጻፍሁ። በመጀመሪያ ቀኔ አንድ ሰው በትክክል የመከርሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድሁ።

አያልነህ ቃሌን አከበረ። ሦስት ወር አልሮጠም፤ ሕመሙም ጠፋ። ከዚያ አንድ ማለዳ ወጥቶ ሮጠ። በማግስቱ ጉልበቱ እንደ ድሮው ሆነና ተመልሶ መጣ። አሁንም «ያቁሙ» አልሁት። ለሦስተኛ ጊዜ አልመጣም።

ከዓመት በኋላ ሸሕዲ ገበያ ላይ አገኘሁት። ወፍሯል። በትንሽ ከተማ ሰው ቶሎ ይቀራረባል፤ አንተና አንቺ ከተባባልን ቆይተን ነበር።

«ጉልበትህስ?» አልሁት።

«ጉልበቴማ ደኅና ነው። አልሮጥማ» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በዚያው ሳምንት ጎንደር ላስተማሩኝ ለጋሽ ይርጋ ደወልሁላቸው። ታሪኩን ጨርሼ ስነግራቸው ጠየቁኝ።

«ሰውየው ከመታመሙ በፊት ሩጫው ላይ ምን ተለውጦ ነበር?»

«አልጠየቅሁትም።»

«የዳሌውን ጡንቻ አየሽው?»

«ያመመው ጉልበቱን ነው፣ ጋሽዬ።»

«እሱን ሰማሁ» አሉ። «ጉልበት መሀል ላይ ነው ያለው። ከላይ ዳሌ ከደከመ፣ ጭን ከደከመ፣ ሸክሙን የሚቀበለው እሱ ነው። እረፍት የተቆጣውን ያበርደዋል፤ አያጠነክረውም። ሦስት ወር የተኛ እግር ሲመለስ ከበፊቱ ደክሞ ነው የሚመለስ። አንቺ ግን በድሮው ልክ እንዲሮጥ ፈቀድሽለት።»

«እኔ አልፈቀድሁለትም።»

«እንዴት እንደሚመለስ ካልነገርሽው ፈቅደሽለታል።»

አያልነህ ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ እንደገና እንጀምር አልሁት። «ተይው ሲስተር፣ አሁንማ ለምጄዋለሁ» አለኝ። አልገፋሁትም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ መጠየቅን ሥራዬ አደረግሁት። ከአብደራፊ አንድ የትራክተር ሹፌር የግራ ጉልበቱን ይዞ መጥቶ መርፌ ካልወጋሽኝ አለ። ወንበር ላይ አስቀምጬ ፍሪሲዮን እንዴት እንደምትረግጥ አሳየኝ አልሁት። የትራክተሩ መቀመጫ ተሰብሮ ወርዷል፤ ጉልበቱ ቀኑን ሙሉ ተጣጥፎ ነው የሚገፋው። መቀመጫውን በታጠፈ ጆንያ ከፍ እንዲያደርግና ጭኑን የሚያጠነክርበትን እንቅስቃሴ እንዲሠራ ነግሬ ሸኘሁት። በወሩ የመጣው ታናሽ ወንድሙን ለወገብ ሕመም ሊያሳክም ነበር። ስለ ጉልበቱ ስጠይቀው «የቱ ጉልበት?» አለኝ።

ስንታየሁ የመጣችው በዘጠነኛው ዓመቴ፣ በኅዳር ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ከታላቅ እኅቷ ጋር መጥታ በአቅራቢያችን ያለችው ኮኪት ቀርታለች። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ታበጥራለች። ማለዳ ማለዳ ትሮጣለች። ይዟት የመጣው አያልነህ ነው። ራሱ መሮጥ ከተወ በኋላ ሌሎችን ያሠለጥን ጀምሯል።

በሩ ላይ ቆሞ «ሲስተር፣ ይችን ልጅ እንደ እኔ እንዳታደርጊያት» አለኝ።

ልጅቱ እንዳልሰማች መስላ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ሰምቻለሁ።

ጎንደር ያለ አንድ የሩጫ ክለብ በሰባት ሳምንት ውስጥ በአምስት ሺህ ሜትር ሯጮችን ይመለምላል። ክለቡ ከወሰዳት ማደሪያም ትምህርትም ታገኛለች። ጉልበቷ ግን ካመማት ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሌላ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ ራጅ ተነሥታለች። ፊልሙን በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች።

«ምን አሉሽ?»

«የጉልበትሽ ልስላሴ አልቋል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል፣ ሩጫማ እርሽው አሉኝ» አለች። «እውነት አልቋል እንዴ፣ ሲስተር?»

ፊልሙን መስኮቱ ላይ አንሥቼ አየሁት። አጥንቱ ጤነኛ ነው። ልስላሴ የሚሉት የአጥንቱ ጫፍ ለስላሳ ሽፋን ደግሞ በራጅ አይታይም። ያንን አልነገርኋትም ገና፤ መጀመሪያ ልጠይቅ ብዬ።

«የት ላይ ነው? በአንድ ጣት አሳይኝ።»

በአንድ ጣት ማሳየት አልቻለችም። መዳፏን ዘርግታ ሎሚውን ሸፈነችው። ይህ ምልክት ብዙ ይናገራል። ሕመሙ ሎሚው ሥርና ዙሪያ ሲሆን ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያሳየው።

መቼ እንደሚያማት ጠየቅሁ። ቁልቁል ስትሮጥ፣ ቁጢጥ ስትል፣ ከኮኪት በሚኒባስ ተቀምጣ መጥታ ስትነሣ። ወድቃ ታውቃለች? የለም። አብጦ ያውቃል? የለም። ተቆልፎ አልዘረጋም ብሎ ያውቃል? ከድቷት ያውቃል? የለም፣ የለም። ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም? የለም። ከእነዚህ አንዱን አዎ ብትለኝ ኖሮ ወደ ጎንደር እልካት ነበር። ጅማቶቹንም ፈተንሁ፤ አጥብቀው ይዘዋል።

ከዚያ በሩ ላይ ያለችው ደረጃ ላይ አቆምኋት። «በአንድ እግር ቀስ ብለሽ ውረጂ» አልኋት። ስትወርድ የታመመው ጉልበቷ ወደ ውስጥ ዘመመ። መስተዋቱን አዙሬ አሳየኋት። «እንዴ!» አለች። በጎኗ አስተኝቼ እግሯን አስነሥቼ በእጄ ስጫነው ወዲያው ወረደ። ቀኑን ሙሉ የምትሠራ፣ ኩንታል የምትጎትት ልጅ የዳሌዋ ጡንቻ እንዲህ ይደክማል ብሎ የሚገምት የለም።

«አሁን አንተን ልጠይቅ» አልሁት አያልነህን። «ሩጫዋ ላይ ምን ተለወጠ?»

አሰበ። «ምልመላው እንደተሰማ በሳምንት አራት ቀን የነበረውን ስድስት ቀን አደረግነው።»

«ሌላስ?»

«ቁልቁለት ጨመርንበት። ለፍጥነት ብዬ።»

«ሌላስ?»

«ዋልካው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እግር ያስገባል። ስለዚህ ከእርሻ መንገዱ አስፋልት ላይ አወጣኋት።» እየተናገረ ድምፁ ወረደ። «ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው ያደረግሁት። እኔው ነኝ ያሳመምኋት።»

«እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው» አልሁት።

ስንታየሁን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ነገርኋት። ሎሚው በጭን አጥንት ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ከለመደው በላይ ሲጫንበት፣ እግሩም ወደ ውስጥ ሲዘም፣ ሥሩ ይቆጣል። የተቆጣ ነገር ያማል። «ልስላሴ በራጅ አይታይም፤ በምርመራዬም የተበጠሰ ወይም ያለቀ የሚያስመስል ነገር አላገኘሁም» አልኋት። ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቅፋ አለቀሰች። አያልነህ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ልተወው ሩጫውን?» አለች።

«አትተዪውም። እንቀንሰዋለን።»

ዕቅዱን በወረቀት ጻፍሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሜዳ ላይ ብቻ፣ ሁለት ደቂቃ ሩጫ አንድ ደቂቃ እርምጃ። ቁልቁለት የለም። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ትሰጠዋለች። እስከ ሦስት ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከወረደ ትቀጥላለች። ከዚያ ካለፈ ትቀንሳለች። እርምጃዋን በደቂቃ ስቆጥር መቶ ሃምሳ ስምንት ነበር፤ ረጅም እየተራመደች ተረከዟን አርቃ ነው የምታሳርፈው። አጠር አጠር አድርጋ ወደ መቶ ሰባ እንድትጠጋ አልኋት።

ለጡንቻው የሚሆን የላስቲክ ገመድ አልነበረንም። ከሸሕዲ ጎሚስታ የተጣለ የባጃጅ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ ለመንሁና በመቀስ ቆራረጥሁት። እሱን ከጉልበቷ በላይ አስራ ወደ ጎን ትራመዳለች፣ በጀርባዋ ተኝታ ዳሌዋን ታነሣለች፣ ብሎኬት ላይ ትወጣለች ትወርዳለች። ሎሚውን በፕላስተር ለመደገፍም ሞክሬ ነበር። ጎንደር ላይ አጥብቆ የሚይዘው ፕላስተር ቆላ ላይ በላብ ተንሸራቶ ካልሲዋ ውስጥ ተገኘ። ተውነው።

ሩጫው ቢቀነስም መጋዘኑ ነበር። ሰሊጥ የምታበጥረው ቁጢጥ ብላ ነው። ኮኪት ሄጄ የመጋዘኑን ኃላፊ አቶ ካሳን አነጋገርኋቸው።

«ታማ ከሆነ ትረፍ» አሉ።

«ማረፍ አይደለም የምፈልግላት፣ አቶ ካሳ። ወንፊቷ ጠረጴዛ ላይ ይሁንላትና ቆማ ትሥራ።»

«ለአንዷ ብቻ ጠረጴዛ? ሌሎቹ ምን ይላሉ?»

«ይጠይቋቸው።»

ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። አንዷ «እኛም ጉልበት አለን እኮ፣ አቶ ካሳ» አለች። ሁሉም ሳቁ። እሳቸውም እየሳቁ «ተማም፣ ተማም» አሉ፤ የጠረፍ ሰው እሺ ሲል እንዲያ ነው የሚል። በሳምንቱ አሮጌ በሮች በበርሜል ላይ ተጋድመው ስምንቱም ሴቶች ቆመው ያበጥሩ ነበር።

ሁለት ሳምንት ደኅና ሄደ። የሕመሟ ቁጥር ከአምስት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ። ደረጃዋን ስትወርድ ጉልበቷ መዝመሙን ቀነሰ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ግድግዳ እየደገፈች ገባች።

«ተበጠሰ መሰለኝ፣ ሲስተር።»

በዋዜማው ማለዳ ስትሮጥ ሁለት የምታውቃቸው ሴት ሯጮች አልፈዋት ሄዱ። አላስቻላትም። ተከተለቻቸው፤ ቁልቁለቱንም አብራቸው ወረደች።

እኔም ደነገጥሁ። ደጋግሜ ያሰብሁት የአያልነህን ጉልበት ነው። ራሴን ግን ሰብስቤ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ሁለቱን ጉልበቶች በሜትር ለካሁ፤ እኩል ናቸው። እስከ መጨረሻው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጅማቱ ይዟል።

«አሁን ስንት ነው?»

«ሰባት።»

«ትናንትስ?»

«ዘጠኝ።»

«እየወረደ ነው። የተበጠሰ ምልክት የለውም፤ እንደገና ተቆጣ» አልኋት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ዳይሬክተሩ ወሬውን ሰምቶ አስጠራኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዳይሬክተር ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ይኸኛው ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ጥንቁቅ ነበር።

«ለምን ወደ ጎንደር ሪፈር አታደርጊያትም? ኤም አር አይ ትነሣ» አለኝ።

«ጉልበቱ ካበጠ ወይም ከተቆለፈ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ሁለቱም ከሌለ አንድ ሳምንት ስጠኝ። በሳምንቱ ከሦስት በታች ካልወረደ ትሄዳለች።»

«ቀኑን ጻፊልኝ» አለ።

ካርዷ ላይ ቀኑን ጻፍሁ፤ እሱም አጠገቡ ፈረመ። ያ ሳምንት ረጅም ነበር። አራት ቀን እንድትራመድ ብቻ አደረግኋት፤ ብሎኬቱን አስቀርቼ የዳሌውን እንቅስቃሴ አስቀጠልሁ። በአምስተኛው ቀን አንድ ደቂቃ ሩጫ አንድ ደቂቃ እርምጃ። አያልነህ በየማለዳው አብሯት እየተራመደ ቁጥሩን በስልክ ይነግረኝ ጀመር። «አምስት።» «አራት።» «አራት።» «ሦስት።» በሰባተኛው ቀን ሁለቱም ክፍሌ ውስጥ ቆመው ነበር።

«ሁለት» አለች።

ዳይሬክተሩ ካርዱን አይቶ «ጥሩ» ብቻ አለ። ሪፈር ወረቀቱ ባዶውን መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ቢያልፋት አልተከተለችም። በስድስተኛው ሳምንት አምስት ኪሎ ሜትር ሳታቆም ሮጠች። በሰባተኛው አያልነህ ይዟት ጎንደር ሄደ።

የምልመላው ቀን ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ዋልሁ። አልደወለችም። ያጣች መሰለኝ። እኔም ለመደወል ፈራሁ።

የደወለችው በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አልጋው ላይ እጃቸው ተሰብሮ የተጠገነ አንዲት እናት ነበሩ፤ ጣታቸውን እያሠራኋቸው ነበር።

«ሲስተር፣ ትናንት ያልደወልሁት ጠዋቱን ልየው ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ምን ሆነ?»

«ያደርሁበት ቤት ፎቅ ነው። ደረጃውን ወረድሁት። ደግሜም ወጥቼ ወረድሁት። ዜሮ ነው።»

«ሩጫውስ፣ አንቺ ልጅ?»

«እሱማ አራተኛ ወጣሁ። አምስት ሰው ነው የሚወስዱ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ።

እናቲቱ አዩኝና «ደኅና ወሬ ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ወሬ ነው፣ እማማ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ጣታቸውን እንዳሠራቸው መልሰው ዘረጉልኝ።

አያልነህ በሦስተኛው ቀን ከጎንደር ተመለሰ። አውቶቡስ እንደወረደ ቦርሳውን ይዞ በቀጥታ ክፍሌ መጣ። አልጋው ላይ ተቀመጠና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ።

«እንግዲህ የኔን እዪው» አለ።

«አያልነህ፣ ያኔ የመከርሁህ ስህተት ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ያኔ አንቺም አዲስ ነበርሽ» አለ። «ስንት ደቂቃ ልጀምር?»

«አንድ።»

በአንድ ደቂቃ ጀመረ። እኔ ጡረታ ስወጣ በሳምንት ሦስት ቀን አምስት አምስት ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ከነሆዱ። ስንታየሁ ዛሬም ክለቡ ውስጥ ናት።

ክፍሉን ያስረከብሁት ለሁለት ወጣት ባለሙያዎች ነው። ያኔ የነገርኋቸውን እዚህም እጽፈዋለሁ። ጉልበቱን ለታመመ ሯጭ «አቁም» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማቆም ሳይሆን መቀነስ ይበቃዋል። የግድ ማቆም ካለበትም በየትኛው ቀን፣ በስንት ደቂቃ እንደሚመለስ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍለት።